ሰርቨሩ ያልፈቀደው ገጽ

ፍቅርተና ይሻው አብረው ሲማሩ የጀመሩት ሥራ ነበር፦ ደም ለሚያስፈልገው በሽተኛ ከደብረ ታቦር ለጋሽ ፈልጎ የስልክ ቁጥሩን የሚያወጣ ድረ ገጽ። የሚታየውን ገጽ እሷ፣ የለጋሾቹን ስም ለገጹ የሚያቀብለውን ሰርቨር እሱ ጻፉ። ከዚያ ይሻው አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ኮዱን በፍላሽ ሰጥቷት ሄደ።

ሁለቱን ላፕቶፗ ላይ ስታገናኛቸው ገጹ ባዶ ሆነ። ከሥር ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ የገጹና የሰርቨሩ አድራሻ ስለሚለያይ፣ ሰርቨሩም ገጹን ስላልፈቀደለት፣ ገጹን የሚከፍተው ብራውዘር የሰርቨሩን መልስ አላሳልፍም አለ። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ስልክም ስለማይሠራ ይሻውን መጠየቅ አልቻለችም።

አባቷ መሪጌታ ቀለመወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊቷን አዩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ገጹና ሰርቨሩ አልተገናኙልኝም፣ አባ።»

«ሁለቱም እዚሁ ዕቃ ውስጥ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። አድራሻቸው ስለተለያየ ግን እንደ ባዕድ ይቆጠራሉ።»

የለጋሾችን ስልክ እንዲሰጧት በነጋታው ድረ ገጹን ለጤና ጽሕፈት ቤት ማሳየት ነበረባት። መላ ስታጣ የብራውዘሩን ጥበቃ አጠፋችው። ለሙከራ የፈጠረቻቸው ስሞች ወዲያው ተደረደሩ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ግን ፕሮጀክተሩ የተገጠመው ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ጋር ነበር። ሥራዋን ገልብጣ ስትከፍተው ያው ባዶ ገጽ መጣ። ጥበቃውን ላጥፋው ብላ ጠየቀች።

ኃላፊው አቶ መልካሙ አልፈቀዱም። «ጥበቃ ካልጠፋ ለማይሠራ ነገር የለጋሾቻችንን ስልክ እንዴት እንስጥ?»

ሥራዋን ይዛ ወጣች።

ከሳምንታት በኋላ የስልክ መስመር ሲመለስ መጀመሪያ ለይሻው ደወለች።

«ሰርቨሩ ላይ የገጹን አድራሻ ጻፊና ፍቀጅለት» አላት። «አንዲት መስመር ናት። አልነገርኩሽም?»

«አልነገርከኝም።»

ጻፈችው። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳችው፤ ጥበቃው ሳይጠፋ ስሞቹ መጡ። ላፕቶፗን ይዛ ጽሕፈት ቤት ሮጠች። አቶ መልካሙ ሊያዩት አልተቀመጡም። «የዘንድሮው ዕቅድ ተዘግቷል፣ ልጄ። ለከርሞ ካለን እንጠራሻለን።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ በሆስፒታሉ በር አለፈች። ጋቢ የለበሰ ገበሬ ቁራጭ ወረቀት ይዞ የሚያልፈውን ሁሉ ያስቆማል። ሚስቱ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ ነው።

«እህቴ፣ ደምሽ ኦ ኔጌቲቭ ነው?»

ፍቅርተ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ውስጡ አንድም የእውነት ለጋሽ አልነበረም።

«የእኔ ኤ ነው» አለችው።

ሰውየው አንገቱን ነቀነቀና ከኋላዋ ወደሚመጣው ሰው ዞረ።