ከንስሐ አባት የመጣ ፍላሽ

"እንዳይጫኑት፣ መምህር" አለችና ምኞት የአለምነህን እጅ ከማውዙ ላይ ገፋችው።

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ስክሪኑ ላይ "የየኔታ ድምፅ" የሚል ቢጫ ፎልደር ቁጭ ብሏል፤ ስሙን ያወጣው እሱ፣ ቦታውን የመረጠው እሱ።

"የራሴ እኮ ነው" አለ።

"የርስዎን ስምና መልክ ለብሶ የተቀመጠ ነው። ይዩት እስቲ፤ ይኸም፣ የፈተና የሚለውም፣ የልጆች ፎቶ የሚለውም፣ ሁሉም እኩል ነው የሚመዝኑት። እውነተኛ ፎልደር እዚህ ጋ ክብደቱ አይጻፍበትም። ይኸ ፕሮግራም ነው። በተጫኑት ቁጥር ሥራውን ይሠራል።"

ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተጫነው ሊነግራት አልደፈረም።

ምኞት በአንድ ወቅት ባዮሎጂ ያስተማራት ልጅ ናት፤ ዛሬ ወረታ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ የከተማውን ኮምፒውተር የምታክም ሴት ሆናለች። በዝናብ ሄዳ የጠራቻት ሚስቱ ቤዛ ናት። ከእሷ በፊት የመጣው ጠጋኝ "ፎርማት ይደረግ" ብሎ ነበር። ፎርማት ማለት ቤቱን ከነዕቃው ጠርጎ ማውጣት ነው። አለምነህ ለፈተናውም ለፎቶውም ቢሆን እያዘነም እሺ ባለ ነበር፤ አንዱን ነገር ግን ሊያስጠርግ አይችልም።

ያ አንዱ ነገር የአማቱ ድምፅ ነው። የቤዛ አባት መሪጌታ እንግዳው ክረምት ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ ወዲያ ባለች ደብር ወንበር ዘርግተው ስንቱን ደቀ መዝሙር ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አምና ክረምት፣ ጉሮሯቸው ሳይነካ፣ እዚሁ ሳሎን ተቀምጠው ጾመ ድጓውን እያዜሙ አለምነህ በኮምፒውተሩ ቀድቶላቸው ነበር። ዘንድሮ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝተው ወጡ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን ከሹክሹክታ አላልፍ አለ። አሁን ጓዳ ጋደም ብለዋል። ውሃው ከሜዳው ላይ ሲሸሽ ወደ ተማሪዎቻቸው ሊመለሱ ነው። "ጉሮሮዬ ባይችል በቀዳኸው አስተምራለሁ፤ ወንበሬን አልለቅም" ብለዋል። ኮምፒውተሩ መታመሙን ግን የነገራቸው የለም።

"ከየት ገባ?" አለች ምኞት።

ቤዛ ባሏን አየችው። አለምነህ አንገቱን ደፋ።

እሑድ ዕለት የንስሐ አባታቸው አባ አንለይ ፍላሽ ይዘው መጥተው ነበር። "ስብከት አለበት፣ ልጄ፤ ለቤተሰቡ ገልብጥላቸው" አሉት። ሲሰካው አንቲቫይረሱ ቀይ ማስጠንቀቂያ ዘረገፈ። አባ አጠገቡ ተቀምጠው ያያሉ።

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም፣ አባ" አለና ዘጋው። ተመልሶ ቢያስቸግረው ጊዜ አንቲቫይረሱን ራሱን አጠፋው። የንስሐ አባት ያመጡትን ነገር ፊታቸው ላይ "በሽታ አለበት" ማለት፣ ቀምሰው የሰጡትን ጠላ አንስቶ እንደማሽተት ሆነበት። ይሉኝታ ያዘው እንግዲህ፤ ሌላ ምን ይባላል።

ይህን ሲነግራት ምኞት ሳቋን ዋጠች። "እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ እያሉ ስለ ወስፋት ያስተማሩን እርስዎ አልነበሩ?"

"ተይኝ እስቲ፣ ምኞት።"

"እሺ ተውኩ። ይኸን ነገር ትሮጃን ይሉታል። በር ሰብሮ አይገባም፤ ባለቤቱ ራሱ ደህና ነገር መስሎት ነው የሚያስገባው። ከገባ በኋላ የርስዎን ፎልደር ይደብቅና እሱ በቦታው ይቀመጣል። ያልታደሉ እንደሆነ ደግሞ የኢሜይል የይለፍ ቃልዎን ለሌላ ያቀብላል። ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆነው ይቀይሩት፣ ከዚህ አይደለም።"

"ደብቆ ነው ወይስ አጥፍቶ?" አለች ቤዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እሱን ሳላይ ምን እላለሁ፣ እትዬ ቤዛ።"

የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች። ኮምፒውተሩ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ እንዲነሣ አድርጋ አስነሣችው። ከቦርሳዋ ሲዲ አወጣች፤ ፍላሽ ብታስገባ ፍላሹም ይታመማል፣ የተዘጋ ሲዲ ግን ምንም አይጻፍበትም። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሣውን ተንኮለኛ ፕሮግራም ፈልጋ አቆመችው። አስመሳዮቹን መሰረዝ ስትጀምር አምፖሉ ደበዘዘ። ሦስቱም ቀና ብለው አዩት። መብራቱ እንደምንም ተመለሰ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። መሪጌታ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

"ጠፋ?" አሉ በሹክሹክታ።

"ትንሽ ብልሽት ነው፣ የኔታ" አለ አለምነህ።

"ጠፋ ወይ ነው ያልኩህ።"

"ገና አላወቅንም።"

ሽማግሌው ወንበር ስበው ከምኞት ኋላ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

ምኞት ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ አንድ መስመር ጻፈች። ጠበቀች። ደግማ ጻፈች። ባዶ የነበረው ገጽ ላይ አንድ የደበዘዘ ፎልደር ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎም "የየኔታ ድምፅ"። አለምነህ እጁን ሊሰድ ሲል "ቆዩ" አለችው። በሲዲው አንቲቫይረስ ሙሉውን አስፈተሸች። ያ ፍተሻ ሲያዘግም፣ አቤት ሲያዘግም። ሲያልቅ አንዱን ፋይል ከፈተችው።

የመሪጌታ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ቤዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ግንባራቸውን አኮማተሩ።

"እዚህ ላይ ቸኩያለሁ" አሉ። "ለተማሪዎቹ ንገሯቸው።"

ምኞት ሁሉንም በሁለት ባዶ ሲዲዎች ላይ አንድ ዓይነት አድርጋ ገልብጣ አንዱን ለመሪጌታ፣ አንዱን ለቤዛ ሰጠች። ዕቃዋን እየሰበሰበች "ፍላሹስ የት ነው?" አለች።

"አባ ዘንድ" አለች ቤዛ። "በየንስሐ ልጆቻቸው ቤት ይዘውት እየዞሩ ነው። ነገ እዚሁ የሰፈራችን ደብር ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሊያስገለብጡ ነው አሉ።"

"እንግዲያው የሠራነው ሁሉ ለስንት ቀን ነው?"

ቤዛ ወደ ባሏ ተጠጋች። "እኔ የምለው፣ አለምነህ፤ ሌላ ስብከት ልገለብጥ ነው ብለህ ተዋሳቸው። ምኞት ታጽዳው። ሳያውቁ እንመልስላቸው። ለምን እናሳፍራቸዋለን?"

አለምነህን ሐሳቡ ደስ ሳይለው አልቀረም። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይቀየምም። ግን አባ ምንም ሳያውቁ ያንኑ ፍላሽ ሌላ ቤት ይሰኩታል፤ ፍላሹ እንደገና ታሞ ሲመጣም እሱ ከጎናቸው ተቀምጦ "ምንም አይልም" ይላል። መሪጌታን አያቸው፤ ሲዲውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠቀለሉ ነው።

ጃንጥላውን ከበሩ ኋላ አነሣ።

"ያን የመፈተሻ ሲዲ ያዢና ተከተይኝ" አላት ምኞትን። "የደብሩ ጽሕፈት ቤት ሳይዘጋ እንድረስ። አባንም ከነፍላሻቸው እዚያ እናስጠራቸዋለን። ቀዩን ማስጠንቀቂያ እሳቸው እያዩት አነብላቸዋለሁ።"