ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ

ሙርዲና ጉልበቷን ለማሸት ቁጭ ባለች ቁጥር ኢሽቤል ፊቷን ወደ ሸለቆው ታዞራለች። ዓይን ለዓይን ከተያዩ ምስጢሩ እንደሚያመልጣት ታውቃለች።

«እዚያ ታች ምን አለ? በግ ነው» አለች ሙርዲና። «በግ ደግሞ ከተማችን ፎርት ዊልያምም ሞልቷል። ግማሾቹ እንዲያውም ዘመዶቼ ናቸው።»

የቤን ኔቪስ ተራራ ወገብ ላይ ደርሰዋል። የተራራ ማኅበራቸው ሰዎች ውስኪና የቅቤ ብስኩት ይዘው ቀድመው ወደ ጫፉ ወጥተዋል፤ ቀኑ የሙርዲና ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ከሦስት ሺህ ጫማ በላይ የሆነ ተራራ ሙንሮ ይባላል፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ሁለት አሉ። እነሱን አንድ በአንድ ወጥቶ ለመጨረስ ዕድሜውን የሚሰጥ ሰው እዚያ አገር እብድ አይባልም፤ ጭራሽ ይከበራል። ሙርዲና የሁሉንም ቁንጮ፣ ከደጃፏ የቆመውን ቤን ኔቪስን፣ ለመጨረሻ አስቀምጣ ሠላሳ ዓመት ሌላ ሌላውን ስትዞር ኖረች። አሁን ሰባ ሞልቷታል። ሐኪሙም ጉልበቷን አይቶ «ይሄ የመጨረሻዎ ይሁን» ብሏታል።

ችግሩ ቆጠራው ልክ አይደለም። ይህን የምታውቀው ደግሞ ኢሽቤል ብቻ ናት።

ከስድስት ዓመት በፊት ከግሌን አፍሪክ ሸለቆ ማዶ፣ ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያስር አንድ ተራራ አብረው ወጡ። ጉሙ የገዛ እጅን አያሳይም ነበር። ኮምፓሱን የያዘችው ኢሽቤል ናት፤ «እኔ እያለሁ ጉም ምን ያመጣል» የምትል ኩሩ ሴት። ጫፉን ያመለክታል ያሉት አንድ የድንጋይ ክምር አገኙ፣ ሁለቱም በእጃቸው ነኩት፣ ተቃቅፈው ወረዱ። ክምሩን በእጁ ያልነካ ሰው ተራራውን ወጣሁ አይልም፤ ማንም ባይጽፈውም ሕጉ ይኸው ነው። በማግስቱ ኢሽቤል ካርታውን ስታይ ክው አለች። እውነተኛው ጫፍ ከነኩት ክምር ግማሽ ማይል አልፎ ነው ያለው። በሳምንቱ ብቻዋን ተመልሳ እውነተኛውን ክምር ለራሷ ነካች። ለሙርዲና ግን ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል ኀፍረቱ እያደር ከበደ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኢሽቤል እውነት ግን ስድስት ዓመት አድሮም ከጉሙ አልወጣም።

«ሙርዲና» አለች አሁን። ከዚያ የቦርሳዋን ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ያዘች።

«በይ ተናገሪው! ከጠዋት ጀምሮ እንቁላል እንደያዛት ዶሮ ትቁነጠነጫለሽ።»

ተናገረች። ብቻዋን ተመልሳ መውጣቷን ሳይቀር ነገረቻት። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ብትሰድባት በወደደች። ሙርዲና ግን የጠየቀቻት አንድ ነገር ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በማግስቱ።»

«ያኔ ጉልበት ነበረኝ» አለች ሙርዲና ቀስ ብላ። «መሳሳትሽ ምንም አይደል፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ያኔውኑ ብትነግሪኝ አብሬሽ እየሮጥኩ እወጣው ነበር። ስድስት ዓመቴን ነው የበላሽብኝ።»

ኢሽቤል አለቀሰች። ሙርዲና አላባበለቻትም፤ ምርኩዞቿን አንስታ ዳገቱን ተያያዘችው። ጫፉ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ድንጋዩ እርጥብ ነው። ሙርዲና ቀኝ እግሯን ባነሳች ቁጥር ኢሽቤል እጇን ትዘረጋና መልሳ ትሰበስባለች። ሙርዲና እላይ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ ኢሽቤል አታውቅም። ዝም ብትል ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ነገሩም ተዳፍኖ ይቀራል። ኢሽቤል፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ዝም እንድትልላት ተመኘች።

«ሙሽራዋ መጣች!» ብሎ ጮኸ የማኅበሩ ጸሐፊ ቶርክዊል ገና ከሩቅ ሲያያቸው። «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ውስኪው ሊያልቅ ነው!»

«አንተ ባለህበት ውስኪ መቼ ተርፎ ያውቃል?» አለችው ሙርዲና።

እየሳቁ መንገድ ለቀቁላት። ጓንቷን አወለቀችና መዳፏን ክምሩ ላይ አሳረፈች። ሰዉ ለማጨብጨብ እጁን አንስቷል።

«ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ» አለች ጮክ ብላ።

«ሰማንያ ሁለት ነው እንጂ» አለ ቶርክዊል። «ደስታው አሳሳተሽ።»

«ሰማንያ አንድ ነው። አንድ ይቀረኛል።»

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ሙርዲና ምክንያቱን አልተናገረችም፤ ወደ ኢሽቤልም ዞር አላለችም። ያን ጊዜ ኢሽቤል ገባት፤ በሰው ፊት ልታዋርዳት አልፈለገችም፣ መናገሩን ለራሷ ትታላታለች። ሃያ ሰው ፊት ቆማ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለችና ካርታውንም፣ ብቻዋን መሄዷንም፣ ስድስቱን ዓመትም ዘረገፈችው።  ቶርክዊል የያዘውን ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«በሉ ብስኩቱን አምጡት» አለች ሙርዲና። «ለሰማንያ አንድም ይበላል።»

ሲወርዱ ሌሎቹ ቀደሙ። ለታመመ ጉልበት ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ሙርዲና ቆመችና የኢሽቤልን ትከሻ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ንዴቴ አልበረደም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እስከ ገና በዓል አልለቅሽም።»

«ይሁን።»

«በመጪው ሰኔ ግን ግሌን አፍሪክ ትወስጂኛለሽ።»

«ሐኪሙስ?»

«የመጨረሻዬን እንድወጣ ፈቅዶልኛል። የመጨረሻዬ ደግሞ ያኛው ነው።»

«ጉልበትሽ እምቢ ቢልስ?»

«ትሸከሚኛለሻ!»

ኢሽቤል ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የራሷም ወገብ ጤና የለውም። ትከሻዋ ላይ የተጫነውን ክብደት ለካችው።

«እሸከምሻለሁ» አለች፤ ከልቧ ነበር።