ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዲስ ቅዳም

«ያቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች» አለች ታይቱ፣ ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ ብላ። «ማንም አያውቃትም። ከአዲስ ቅዳም ናት አሉ።»

ውብአየሁ ቀና አላለችም። ባሏ ፀጋው ድንገት ታሞ ሞቶ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ አንገቷን ደፍታ የለቀስተኛውን ጫማ ስታይ ነው የዋለችው። ትናንት በቀብሩ ላይ ያቺ ሴትዮ ከዘመድ ሁሉ በላይ ስታለቅስ ሰምታታለች።

አዲስ ቅዳም። ስሙ እንደ እሾህ ወጋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ፀጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርሳውን አንግቶ፣ ከዳንግላ በሚኒባስ የሚሄደው እዚያ ነበር። «ሥራ አለኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም። ከሥራው ታግዶ ቤት የተቀመጠ ሰው የምን ሥራ አለው?

ፀጋው የኮሌጁ የኮምፒውተር ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥር ኮምፒውተሮች በአይሱዙ ተጭነው ሲመጡ አቅፎ ያወረዳቸው እሱ ነው። ያኔ ተማሪው አቧራ እንዳያስገባ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነበር የሚገባው። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ጽሑፍ ለማድረስ ፍሎፒ ይዞ መሮጥ ነው። ኋላ ፀጋው ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሬጅስትራር ድረስ በገዛ እጁ ቦይ ቆፍሮ፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ገመድ በውሃ ቧንቧ ውስጥ አሳልፎ ዘረጋ። የዚያን ዕለት ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቤት ገባ።

«ተነጋገሩ!» አላት።

«እነማን?»

«ቤተ መጻሕፍቱና ሬጅስትራሩ!»

የተጣሉ ሰዎች የታረቁ መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ኮሌጁ አገር ሰላም አጥቶ ለወራት ተዘግቶ ሲከፈት፣ የተማሪው ሁሉ ውጤት የተቀመጠበት ዲስክ ከቦታው ተነቅሎ ጠፍቶ ተገኘ። የክፍሉ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነበር። ጠየቁት፤ ዝም አለ። አገዱት።

«ወስደኸዋል?» አለችው ውብአየሁ አንድ ቀን።

«ካላወቅሽ፣ ሲጠይቁሽ አትዋሺም» አላት።

ሌባ መሆኑን በዚያው ደመደመች። የቅዳሜው ጉዞ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላም አሰበች።

በሰልስቱ የኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ አቶ አድማሴ መጣ። በቀብሩም በማግስቱም መጥቷል። አፉ እያጽናና ዓይኑ የጓዳውን በር ይፈትሻል። አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ ውብአየሁ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዕቃው መካከል መዳፍ የምታህል የብረት ሣጥን ካገኙ ለእኔ ብቻ ይስጡኝ። ስሙን አጠራለታለሁ።»

«ለእርስዎ ብቻ?»

«ማለቴ፣ ለኮሌጁ» አለና ተነሣ።

ውብአየሁ ቀና ስትል ሴትዮዋ አድማሴን አይታ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባለች። ይተዋወቃሉ ማለት ነው። አድማሴ ከድንኳኑ እንደወጣ ሴትዮዋን በክንዷ ይዛ ጓዳ አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«የባሌ ምኑ ነሽ?»

«ማናለብሽ እባላለሁ። ሬጅስትራር ነበርሁ፤ ከሥራ ያስወጣኝ አድማሴ ነው።» ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ መዳፍ የምታህለው ዲስክና የታጠፉ ወረቀቶች ነበሩ። «የኮሌጁን ደጃፍ ላልረገጡ ሰዎች ውጤት ይሞላላቸው ነበር። ፀጋው ደረሰበት። ማስረጃው እንዳይጠፋ ብሎ ዲስኩን ነቀለው። ተማሪዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በስም አውቃቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ከአሮጌ ኮምፒውተር ያነብልኛል፣ እኔ የተማረውን ካልተማረው እለያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጨረስን። ማክሰኞ ባሕር ዳር ለክልሉ ትምህርት ቢሮ ልናስረክብ ተቀጣጥረን፣ ሰኞ መርዶው ደረሰኝ።»

ውብአየሁ ወረቀቱን ገለጠች። የፀጋው እጅ ጽሑፍ ነው።

«እኔን ለምን ደበቀኝ?»

«ቤታችሁ ሁለት ጊዜ ተፈትሿል አይደል? ‹ሚስቴ መዋሸት አትችልም፤ ፊቷ ይናገርባታል› ይለኝ ነበር።»

በሩ ተንኳኳ። «እትዬ ውብአየሁ?» አድማሴ ተመልሷል።

ውብአየሁ ዲስኩን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች።

«ፈልጌ አጣሁት» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

አድማሴ ፊቷን መረመረና ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ከማናለብሽ ጋር ሚኒባስ ተሳፈረች። «ሐዘንተኛ ሳምንት ሳይሞላት ከቤት ትወጣለች?» ብሎ ሰፈሩ አንሾካሾከ። ባሕር ዳር ቢሮው ዲስኩንና ወረቀቱን ተቀብሎ በማኅተም አረጋገጠላቸው። ሁለቱ ሴቶች ደረጃው ላይ አረፍ አሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ይበላ ነበር?» አለች ውብአየሁ ድንገት።

«ቆሎ ነበር የምንበላው። ‹ስንቅ አልያዝህም?› ስለው፣ ‹ሥራ በዝቶባት ነው› ይለኛል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ውብአየሁ ለቅዳሜ መንገዱ አንድም ቀን ስንቅ ቋጥራለት አታውቅም።

ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ላይ ያዘች። በሌላው እጇ የማናለብሽን እጅ ፈልጋ ጨበጠች።