ዓርብ የሚጠሩ ስሞች

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኔ ግን ቦሌን እንኳ አልተሻገረም። ዓረብ አገር የሚልከኝ ደላላ «ክርስቲያን ነኝ ብለሽ ማን ይወስድሻል?» አለና ሻርፕ አከናንቦ ፎቶ አስነሳኝ፤ ፓስፖርቴ ላይም «ሰሊማ» አስባለኝ። በ1986 ዓ.ም. እውነተኛ ስሜን፣ ታንጉትን፣ አዲስ አበባ ጥዬ ሪያድ ገባሁ።

እናቴ ስትሸኘኝ «ጸሎትሽን አደራ» አለችኝ። «እግዜር እንዳይረሳሽ አይደለም፤ እሱ አይረሳም። አንቺው ራስሽን እንዳትረሺ ነው።» እኔ ግን የመጨረሻውን ቃሏን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

ሱወይዲ ሰፈር ውስጥ አብዱልከሪም የሚባል ካፊል ቤት ተቀጠርኩ። ካፊል ማለት ፓስፖርትሽን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ አሳዳሪሽ ነኝ የሚልሽ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ልብ ብሎ አይቶኝ የሚያውቅም አይመስለኝም። ዋናው ሥራዬ አሮጊት እናቱን መጦር ነበር። ሰው ሁሉ ዑም አብዱልከሪም፣ የአብዱልከሪም እናት፣ ይላታል። እኔ ዩማ እላታለሁ፤ እማዬ እንደማለት ነው። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ የምትውለውም አልጋዋ ላይ ነው።

የክፍሏ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁርሷን አብልቼ፣ አንሶላዋን ቀይሬ ስጨርስ፣ አታየኝም ብዬ መስኮቱ ጋ ቆሜ አማትባለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ዝርዝሬን አቀርባለሁ፦ የመውጫ ቪዛዬን አምጣልኝ፣ እናቴን በሕይወት አገናኘኝ፣ የጥርሴን ሕመም አስታግስልኝ። አንዳንድ ቀን ከመጠየቅ ብዛት እኔው ይታክተኝ ነበር፤ እሱ እንዴት እንደቻለኝ እንጃ።

በአራተኛው ዓመቴ፣ ጎረቤት ቤት የምትሠራው ሚሚ አንድ ዓርብ አስፈቅዳ ዑድ የሚባል ሰፈር ለጸሎት ወሰደችኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ አሥራ አምስት እንሆናለን። ድምፃችን ውጭ እንዳይሰማ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። አራት ዓመት ያልሰማሁትን ዜማ ስሰማ እንባዬ መጣ። የሚመራን ጋሽ ገብሩ ነው፤ እዚህ ሹፌር ይሁን እንጂ አገሩ ሳለ ዲያቆን ነበር። በመጨረሻ ደብተሩን አወጣ። ዓርብ ዓርብ የእያንዳንዱን ሰው የክርስትና ስም ይጽፍና እየጠራ «አቤቱ አስብ» ይላል። ተራዬ ደረሰ።

«የክርስትና ስምሽ ማነው፣ እህቴ?»

«ሰሊማ» አልኩት።

እኔም የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የሳቀ የለም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሚሚ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። ወለተ ኪሮስ ነኝ ማለት አቃተኝ። ጋሽ ገብሩ ብዕሩን እንደያዘ ሲጠብቀኝ ጫማዬን አንስቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ መስኮቱ ጋ ለመቆም አፈርኩ። እግዜር ወለተ ኪሮስን ፈልጎ ቢመጣ፣ በዚህ ቤት እንዲህ የምትባል የለችም ይሉታል። የካድኳት ደግሞ እኔው ነኝ። እናቴ ደብሯ ሄዳ የምታስጠራው ስም የት ይደርስ ይሆን? አሥር ቀን ያህል አልጸለይኩም። የሚገርመው፣ ቪዛውም ጥርሱም ትዝ አላለኝም። መቆሙ ራሱ ናፈቀኝ። እናቴን ከናፈቅኳት በላይ ናፈቀኝ ብል አልዋሸሁም።

አንድ ጠዋት ትራሷን ሳስተካክል ዩማ እጄን ያዘችኝ።

«ለምን መቆም ተውሽ?»

«የት?»

«መስኮቱ ጋ። ጠዋት ጠዋት ጥላሽ ፊቴ ላይ ያርፍ ነበር። ሰሞኑን ፀሐይዋ ፈጀችኝ።»

አራት ዓመት ሙሉ አገሬ መልሰኝ ስል ኖሬ፣ አሁን ይዘው ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ሰው ጉድ ነው።

«ቤቱ ሁሉ ወደ መካ ሲዞር አንቺ ጀርባሽን ትሰጫለሽ» አለች። «ልጄ፣ አረጀሁ እንጂ አልሞትኩም።»

«ለአብዱልከሪም ልትነግሪው ነው?»

«እሱ ምን አገባው? ስትጸልዪ እኔን ታነሺኛለሽ?»

«አነሳሻለሁ፣ ዩማ። የአብዱልከሪምን እናት እላለሁ።»

«የአብዱልከሪም እናትማ በዚህ ከተማ ስንት አለች። ሀጅራ በይ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በስሜ የጠራኝ የለም።» ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «የአንቺስ ማነው? ሰሊማ ስንልሽ ሁልጊዜ አቤት የምትዪው ዘግይተሽ ነው።»

«ታንጉት» አልኩ። አልበቃኝም። «ወለተ ኪሮስ።»

ሁለተኛው ለምላሷ ከበዳት። ታንጉትን ግን አስተካክላ ጠራችኝ። አለቀስኩ፤ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ዝርዝሩ አልመጣልኝም። የእናቴን ስም ጠራሁ፣ ሀጅራን ጠራሁ፣ ምንም ሳልለምን ቆየሁ።

ከወር በኋላ ሕመሟ ጠናና ሹመይሲ ሆስፒታል ተኛች፤ አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። ዓርብ ልጇ ሊጠይቃት ሲመጣ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለመንኩት። «ያላ፣ ቶሎ ሂጂ፤ እንዳትቆዪ» አለኝ። በቀጥታ ዑድ ሄድኩ።

ጋሽ ገብሩ ደብተሩን ሲያወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ዛሬስ ማን ልበል?»

«ወለተ ኪሮስ።» ጻፈ። «ሌላም አለ። ሀጅራ በልልኝ፤ ታማለች።»

ብዕሩ ቆመ። ሚሚ አፍጥጣ አየችኝ። እዚያ ደብተር ላይ እንዲህ ያለ ስም ገብቶ አያውቅም።

«ሀጅራ ምንሽ ናት?» አለኝ።

«ስሜን የመለሰችልኝ ናት።»

ጋሽ ገብሩ ደብተሩ ላይ ጎንበስ አለ። ከዚያ ከእኔ ስም በላይ ጻፋት። ስሞቹን ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ጠራ፤ እኛም በየስሙ አሜን እያልን መጨረሻው ላይ ደረሰ።

«ሀጅራን፣ አቤቱ አስብ። ወለተ ኪሮስን...»

ሌላው ሰው አሜን ሲል እኔ አቤት አልኩ፤ ሳልዘገይ።