ማንም እንዳያይ የተሠራ መብራት

ስለ ብርሃን ለመማር ባሕር ተሻግሬ፣ ዲግሪዬን ይዤ ተመለስኩ። ሰው «መብራት ሠሪ» ሲለኝ ቅር ይለኛል፤ እኔ የብርሃን ንድፍ ባለሙያ ነኝ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እናቴ ሆነች።

«የጨዋታ ክፍሉን ለስለስ ያለ መብራት አድርግልኝ» አለችኝ።

በመጨረሻ የሚገባው ሰው ተገኘ ብዬ ስለ ጥላና ድባብ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ድባቡን ተወውና ስማኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባትህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወተውን ካርታ ማየት አቅቶታል። ባለፈው ቀይ ነው ብሎ ጥቁር ጣለ፣ አብሮን የሚጫወተው ጡረተኛው ዳኛም አይቶታል። አንዴ ከደገመው ‹ትንሽ ዕረፍ› ይሉታል። ከዚያ ወንበር ከተነሳ ደግሞ ሰው አይሆንም።»

«የዓይን ሐኪም አለ እኮ፣ እማዬ።»

«ሄዷል። የእሱ አይመለስም ብለውታል። እንግዲህ የቀረን የሌሎቹ ዓይን ነው።»

አባቴ መሬት ቀያሽ ነበር፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ችካል መጣመሙን በዓይኑ ብቻ ይናገር ነበር። እኔም የተማርኩትን ሁሉ ገልብጬ ሥራ ጀመርኩ። ነጩን የጣሪያ መብራት ፈታሁ። የኤልኢዲ መብራት ገመዱን በጣሪያው ጠርዝ፣ በመደርደሪያው ሥርና ከዳርት ሰሌዳው ኋላ ለጠፍኩት። ቀዩንም ጥቁሩንም ቡናማ የሚያስመስለውን ብርቱካንማ ዓይነት መረጥኩ። መምህሮቼ ይህን ስህተት ነው ብለው ነበር ያስተማሩኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ መጋረጃውን ቀድማ ዘጋች። ጡረታ የወጡት ዳኛ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው፣ ሰው ሞቷል እንዴ?»

«ዝም ይበሉ ጋሼ፣ ዘመናዊ ነው» አለቻቸው ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ። ዳኛው ከተቀመጡ በኋላ እሷም ባዶ ወንበር አገኘሁ ብላ ጭናቸው ላይ ልትቀመጥ ምንም አልቀራትም።

ካርታው ታደለ። አባቴ ካርታዎቹን አፍንጫው ድረስ አስጠጋ። ዳኛውም አስጠጉ። ትንሽ ቆይቶ እናቴንና ፋርማሲስቷን ጨምሮ አራቱም ካርታ የሚያሸቱ ይመስሉ ነበር።

«ቆይ» አሉ ዳኛው፤ ስልካቸውን አውጥተው ባትሪውን አበሩ። ብርሃኑ አባቴ ሊጥል በያዘው ካርታ ላይ አረፈ። «ጣል እንጂ፣ ቀያሹ።»

አባቴ አልጣለም። እናቴ አየችኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቀጥተኛ ብርሃን የክፍሉን ድርብርብ ድባብ ይሰብረዋል» አልኩ። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«ውጭ የተማረ ሰው ሲናገር አትሰማም?» አለች እናቴ።

ዳኛው ለዲግሪ ክብር አላቸው፤ ባትሪውን አጠፉ። ዲግሪዬ ለሰው ሲጠቅም ያን ቀን አየሁ።

«እና እንዴት ልንጫወት ነው?»

«የምንጥለውን በአፍ እንናገራ» አለች እናቴ፣ ሐሳቡ ገና አሁን የመጣላት መስላ። «እኔ ራሴ ስድስቱን ከስምንቱ መለየት አቅቶኛል።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደጣለ ፈጣሪ ይወቀው። ዳኛው አንዱን ጥቁር ንጉሥ ሁለቴ ጣሉት። ፋርማሲስቷ ቀይ ነው ባለችው ካርታ ላይ ከራሷ ጋር ተከራከረች። የተረጋጋው አባቴ ብቻ ነው፤ ሳያዩ የመጫወት ልምድ ያለው እሱ ነዋ። አሸነፈም።

«ለሚቀጥለው ደህና አምፖል ይዤ እመጣለሁ» አሉ ዳኛው ሲወጡ።

«ልጄ የሠራውን ማንም አይነካም» አለ አባቴ። «ቅዳሜ ባዶ እጅህን ና።»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ እኔ መጣ። ምስጋና ጠበቅኩ።

«ይሄ ነገር መቀነሻ አለው?»

«አለው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ትንሽ ቀንሰው። ፋርማሲስቷ መለየት ጀምራለች።»