ማሙሽ የማን ወገን ነው

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «ማስረጃ» ነው የሚለው። ኢንሹራንስ ቤት ነው የሚሠራው፤ መኪናው ተገጭቶበት እያለቀሰ የመጣውን ሰው «ማስረጃ?» እያለ ሲያመላልስ ይውላል። ክፋቱ፣ ቤት ሲገባም አይተወውም። ራሴን አመመኝ ስለው እንኳ «በምን ይታወቃል?» የሚል ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ ማለት ነው፣ ደግሞ ሰባኪ ነው። እሱ ሳይጠየቅ ሁሉን ያውቃል። ሁለቱ ያሉበት ክፍል የገባ ሰው ጆሮውን ይዞ ይውጣ።

እነዚህ ሁለት ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሰዎች ናቸው ልጄን ሊሻሙት የተነሱት። ልጄ ያለ ጊዜው ነው የተወለደው። ከክሊኒክ ስንወጣ ዶክተሯ ባሌን ዓይን ዓይኑን እያየች «ሳንባው ገና ነው፤ እንዳይበርደው፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታም እንዳትወስዱት» ብላዋለች። «እሺ» ብሏል። ማስረጃ ካስፈለገ፣ እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ስም እንኳ አልነበረውም። ፈጣሪ ያለበትን፣ ምሕረት ያለበትን፣ ጸጋ ያለበትን ስም ሁሉ ባሌ «ልጁን ሳይጠይቁ አማኝ ማድረግ ነው» እያለ ይጥለዋል። ዋርሳዬ ደግሞ ፈጣሪ የሌለበትን ስም «የድመት ስም» ይለዋል። እኔ የማመጣው ስም ሁሉ ወይ አንዱ ጋ ይወድቃል ወይ ሌላው ጋ። እናም «ማሙሽ፣ ማሙሽ» እያልን ከረምን።

«ሕፃን ሲወለድ ኢአማኒ ነው» ይላል ባሌ። «እምነት የለውም አይደል? እምነት የሌለው ሰው ደግሞ ኢአማኒ ነው። አለቀ።»

«ይሄ ወንበርም እምነት የለውም» አልኩት አንድ ጠዋት፣ ሽንት ጨርቅ እየቀየርኩ።

«ወንበር መቼም አያምንም። ሕፃን ግን አንድ ቀን ማመን ይችላል። ልዩነቱ እሱ ነው።»

ማሙሽን ጠቅልዬ እስክጨርስ አሰብኩበት።

«አንድ ቀን መስረቅም ይችላል» አልኩት። «እስካሁን ስላልሰረቀ፣ ልጄ ታማኝ ነው እያልክ ልትዞር ነው? መጠጥም አልቀመሰም፣ ሚስትም አልፈታም። የገዛ እጁ ፊቱን ሲመታው ማን መታኝ ብሎ የሚደነግጥ ልጅ እኮ ነው! እጁ የእሱ መሆኑን ገና አላወቀም፣ አንተ አቋም ትሰጠዋለህ።»

«እኔ የቃሉን ትርጉም ነው የምናገረው።»

ሶፋው ላይ የተንሰራፋው ዋርሳዬ ደስ አለው። «ልክ ብለሻል፣ የኔ እህት። ሕፃን አማኝ ሆኖ ነው የሚወለደው። ተኝቶ ፈገግ ሲል አላየሽውም? ከማን ጋር የሚጫወት ይመስልሻል?»

«ከሆዱ ንፋስ ጋር» አልኩ። ሁለቱም አኮረፉኝ።

እጅ እጅ አሉኝ። ልጄ ላይ ጎንበስ ብለው ሲከራከሩ ምራቃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይረጫል፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ እጠርጋለሁ። አንዳቸውም ሽንት ጨርቅ ቀይረውለት አያውቁም። ስለ ልጁ ነፍስ የሚያውቁትን ያህል ስለ ቂጡ ቢያውቁ ምናለበት።

አንድ ቀን ባሌ ጥርሱን እያሳየ ወረቀት ይዞ መጣ። በሰፈሩ አዳራሽ እሁድ ከሰዓት ክርክር አለ፤ «ሕፃን ሲወለድ ኢአማኒ ነውን?» ይላል፤ ተከራካሪዎቹ እሱና ወንድሙ ናቸው። «ማሙሽን እወስዳለሁ ብለህ እንዳታስብ» አልኩት። «ምን ነካሽ!» ብሎ ሳቀ።

እሁድ ማሙሽን አጥብቼ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ከጎኔ የለም። ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን አርሶታል፤ ብዙ ተኝቻለሁ ማለት ነው። የት እንደሄደ ለማወቅ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኙን አቀያይሬ ተጫምቼ ሮጥኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ላብና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ልጄ በሽንት ጨርቅ ብቻ ተዘርግቷል፣ አምፖሉ ዓይኑ ላይ እየበራ። ባሌ ገበያ ላይ እንደ ወጣ ሸሚዝ ያገላብጠዋል። «እዩት! የቱ ጋ ነው እምነቱ? ማስረጃ አምጡ!» ሰው ይስቃል። ዋርሳዬ ተራው ሲደርስ አስነጠሰ፣ አፍንጫውን በእጁ ጠረገ፣ የዚያኑ እጁን ጣት ልጄ አፍ ውስጥ ከተተ። «አያችሁ? ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀበላል! ይሄ እምነት ካልሆነ ምንድን ነው?» ጭብጨባው ቀለጠ። ስልክ ያልደቀነ ሰው አልነበረም።

የሚቀፍ ነገር አይቼ አላውቅም አልልም፤ እንደዚያ ጣት ያቅለሸለሸኝ ግን የለም።

ሰውን እየገፈተርኩ መድረኩ ላይ ወጣሁና ልጄን አነሳሁት። እግሩ በረዶ ሆኗል። «እናትየዋ ትናገር!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ምን እናገራለሁ? ልጁ ርቦታል» አልኩና ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ወንበር ስቤ ጡቴን ሰጠሁት። ያፍራሉ ብዬ ነበር። ማን ሊያፍር!

«ተመልከቱ!» አለ ዋርሳዬ። «ሳያየው አለ ብሎ ይፈልገዋል! ማን አስተማረው?»

«ቀምሶ ስለሚያውቀው ነው የሚፈልገው!» አለ ባሌ። «ይሄ እምነት አይደለም፣ ልምድ ነው!»

ጡቴም ክርክር ውስጥ ገባ። እጅ ይነሳ ተባለ፤ ሰው ከሁለት ተከፍሎ ደረቴ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ተሰናዳ።

ማሙሽ ግን ጡቴን በከንፈሩ ነካ አድርጎ ለቀቀው። ደረቱ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። አፉ ዙሪያ ጠቁሯል።

«አይጠባም!» አልኩ። «መተንፈስ አቅቶታል!»

ባሌ ወደ እኔ ሳይዞር እጁን አነሳ። «አንድ ጊዜ፣ መደምደሚያዬን ልናገር።»

ያን እጅ መቼም አልረሳውም። ልጄን ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ በሩን ልዘጋ ስል ሁለቱም እያለከለኩ ደርሰው ተጠቅጥቀው ገቡ።

ክሊኒክ ስንደርስ ዶክተሯ «ምን አርጋችሁት ነው እንዲህ የበረደው?» ብላ ጮኸችብን። ኦክስጅን ተደረገለት። ሲስተሯ ካርድ ልታወጣለት «ስሙ ማን ነው?» አለች።

«ገና አልተወሰነም» አለ ባሌ።

«እስከዚያ የፈጣሪ ልጅ በይው» አለ ዋርሳዬ።

«ይሄንን ነው እኮ የምቃወመው!»

ልጄ ጭምብል አፉ ላይ ተደፍቶበት፣ እነሱ ቀጠሉ። ሲስተሯ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ታያለች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ ለብቻችን ስንሆን ሳጠባው የምጠራበትን ስም ነገርኳት። ጻፈችው። ፈጣሪ ይኑርበት አይኑርበት ለእናንተም አልነግርም።

ከዚያ ሁላችንንም አስወጡን። ኮሪደሩ ላይ እነሱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እኔ ከነሱ ፈንጠር ብዬ ሌላው ላይ ተቀመጥን። ባሌ አለቀሰ፤ አይቻለሁ፣ አልክድም። ለጥቂት ጊዜ ሰው የሆኑ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዋርሳዬ «ጸልዬለታለሁ፣ ይድናል» አለ። ባሌ እንባውን ጠረገና «ከዳነ በኦክስጅኑ ነው» አለ። ክርክሩ በሹክሹክታ እንደገና ተጀመረ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በሩ ተከፈተ። ሲስተሯ ብቅ ብላ የልጄን ስም ጮክ ብላ ጠራች። «ነቅቷል፣ ጡት ይፈልጋል! እናቱ የለችም?»

ሁለቱ ወንድማማቾች የማን ልጅ ይሆን ብለው ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኙ፤ ከዚያ ወደ ነገራቸው ተመለሱ። እኔ ተነሳሁ። በፊታቸው ሳልፍ ባሌ ቀና ሳይል፣ መንገድ ለመልቀቅ እግሩን ሰበሰበ።