ደጃፍ ላይ የቆመው ዚር

ካሳሁን የሰደበኝ የሆሳዕና እሑድ ነው፤ ሚያዝያ 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሁለታችንም በምንሠራበት ግቢ፣ ወጥ ቤት ውስጥ። እሱ ሹፌር፣ እኔ ዘበኛም አትክልተኛም። የባለቤቶቹ ልጅ ሉጥፊያ ከኢፍጣር በኋላ የምትጠጣው በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ያደረ ቡና ነበር። አሠራሩን ያሳየችው ለእኔ ነው። ያን ቀን ግን አድቅቄ ወቅጬው ኖሮ አተላ መሰለ። ካሳሁን ቀመሰና እንትፍ ብሎ፣ "ቡናህም እንዳንተው ነው፤ ሳይፈላ የቀረ!" አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ወጥ ሠሪዋ ለተብርሃን እንኳ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። የቆጠቆጠኝ የእሷ ነው።

በሳምንቱ ጦርነቱ ተነሣ። ግቢው ተዘረፈ፣ ባለቤቶቹ ተሰደዱ፣ ከተማው ነደደ። ያቺ ስድብ ግን ጭረት ሳይነካት እዚህ ደረሰች።

ዘንድሮ ለተብርሃን ዴም ሰፈር ተመልሳ፣ ጣሪያው በተረፈ አንድ ቤት ውስጥ ሻይ ቤት ከፈተች። መብራት የለም፤ ከሰልም እንደ ልብ አይገኝም።

"ቢልልኝ፣" አለችኝ፣ "ያንን የሉጥፊያን ቡና ከቻልክበት እሳት ምን ያደርግልኛል? ነገ ጠዋት ቤትህ መጥቼ እቀምሰዋለሁ። ከጣመኝ አብረን እንሠራለን። ካልሆነ ግን ካሳሁንን አስገባለሁ፤ እሱ ከሰል የሚያመጣበት አያጣም።"

ሌላ ሥራ የለኝም። ሌላ የሚጠራኝም የለም። የቀረችኝን ቡና በፈረሰ በር እንጨት ቆላሁ። የዛሬውን አላደቀቅኩትም፤ እንደ ባቄላ ክክ ገርደፍ አድርጌ ወቀጥኩት። መብራት ከሌለ ውኃ የሚያቀዘቅዘው ዚር ነው፣ የሸክላ ጋን። እሱም ነፋስ ካላገኘ አይሆንለትም፤ ክፍሌ ደግሞ ምድጃ ናት። ዚሩን አውጥቼ ደጃፍ ላይ ኒሟ ዛፍ ሥር አቆምኩት። ውኃ ሞላሁ፣ ቡናውን ጨመርኩ፣ ከድኜ ገባሁ።

ካርቱም ውስጥ ደጃፍ ላይ የቆመ ዚር የመንገደኛ ነው። የጠማው ከፍቶ ይጠጣል፤ ባለቤቱን አይጠይቅም። ይህን ስንት ዓመት ኖሬ አጣሁት? አላጣሁትም። የሞተ ሰፈር ነው፣ ማን ቀርቶ ነው የሚጠማው ብዬ ነው።

ጠዋት ማጥለያ ጨርቄን ይዤ ብወጣ፣ በቅርቡ የተመለሰችው ጎረቤቴ ሐጃ ሙሚና ዚሩን በጎኑ አስተኝታ በአሸዋ ትፈትገዋለች።

"ያ ወለዲ፣ ልጄ፣" አለችኝ፣ "የማን ባለጌ እንደሆነ እንጃ፣ የመንገደኛ ውኃ ውስጥ ጭቃ ጨምሮልሃል። ወላሂ ጥቁር ጭቃ! ደፋሁልህ፤ አይዞህ።"

ቡናዬ ኒሟ ሥር አፈር ላይ ተሰጥቷል።

ከሩቅ ተሸክማ ያመጣችውን ጀሪካን ለራሷ ሳታስቀር ዚሩ ውስጥ ገለበጠችው። በጣሳ ቀድታም ሰጠችኝ። "ጠጣ። ለሞቱት ልጆቼ ሰደቃ ነው።"

ጠጣሁ። ሸክላው ቡናዬን ጠጥቶት ኖሮ ውኃው ቡና ቡና ይሸታል።

ጣሳውን ሳላስቀምጥ ለተብርሃን መጣች። ካሳሁንም ተከትሏት።

"እሺ ቢልልኝ፣ የታለ?"

ሐጃ ሙሚና ቀደመችኝ። ስለ ባለጌው፣ ስለ ጭቃው፣ እንዴት ፈትጋ እንዳጠራችው በአረብኛዋ ደስ እያላት ነገረቻቸው። ካሳሁን መሬቱን አየ፣ የያዝኩትን ጨርቅ አየ፤ ከዚያ ኒሟን ተደግፎ ሳቀ።

"ሐጃ፣ ጭቃ እኮ አይደለም! የሱ ቡና ነው!"

"ቡና?" አለች ሐጃ። "ቡና በቀዝቃዛ ውኃ? አላህ ያሽርህ ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?"

"ቢልልኝ ሙት፣ ዛሬም ሳይፈላ ቀረ?" አለ ካሳሁን።

ለተብርሃንን አየኋት። እሷን ብቻ። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ እየወሰደች ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ያላ ካሳሁን፣" አለች ሳቋን እንደ ምንም ውጣ፣ "በል ከሰሉን አምጣው።"

ጣሳውን ዚሩ ክዳን ላይ አስቀመጥኩ፤ ለሚጠማው። ቤቴ ከኋላዬ ክፍቱን ነበር። ሳልዘጋው ወደ መንገዱ ሄድኩ።